ስድስተኛው ካንዴላ

አዘዞ፣ ከጋራዡ ጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
ሸራ ለብሶ የሚያድር የብረት ቅርፊት ነበር።
ዶሮ እንቁላል ይጥልበታል፣ ዝናብ ያቁርበታል፤
ጋሽ ደምለው ግን ባጠገቡ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣
ሕመምተኛ እንደተኛበት ቤት።

እኔ ካቻቪቴ አቀባይ ነበርኩ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ።
አንድ ቅዳሜ ሸራውን ገለጥኩ፤
ረዥም አፍንጫ፣ ዓይኑ የወለቀ፣
ዝገቱ ውስጥ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀለም የደረቀ።
ይመታኛል ስል፣ እጁን በናፍታ ታጥቦ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ዳትሰን ናት፤ ሁለት በር። ከዮኮሐማ በመርከብ፣ ከምጽዋ በዳገት፣
ስልሳ ሦስት ላይ ጎንደር ገባች፤ አቧራዋን ሳታራግፍ ሳቅ ጠበቃት።
መኪና ማለት ያኔ ፊያት ነው፣ አለዚያም ላንድሮቨር፤
ከጃፓን ሰው የሚያውቀው ሬዲዮና ጃንጥላ ነበር።
‹ቆርቆሮ ናት› አሉ፤ ‹ሊማሊሞ ይበትናታል።›
ኢንጂነር ዘርዓይ፣ የመንገድ ቀያሹ፣ ጓንቱን ያጠልቃል፤
ይሰማል፣ አይመልስም።
ስድስት ቺሊንደር። ሁለት ካርቡራተር።
ኤንትሬዎቹ ከዛሪማ በላይ፣ ጥምዙ ላይ ሲያቃስቱ፣
እሱ ደባርቅ ደርሶ ሻዩ ቀዝቅዞለታል፣ ደርቋል የታጠበ ፊቱ።

ኋላ እኅቷ በኬንያ ጭቃ ሁሉን ቀድማ ገባች ተባለ በሬዲዮ፤
የሳቀው ሁሉ ፒያሳ ላይ ከበባት፣ ኮፈኗን እየዳሰሰ፣ ‹አይ አንቺ! ወዮ!›

ከዚያ ስልሳ ሰባት።
‹የአድኃሪ መጫወቻ› ተባለች። ዘርዓይ አንድ ሌሊት መጣ፣
ቁልፏን በካልሲ ጠቅልሎ እጄ ላይ አኑሮ ወጣ።
ወዴት? አላልኩም። በዚያ ዘመን ወዴት አይባልም ነበር።»

ዝም አለ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከአንገቱ ላይ አነሳ።

«ጠበቅኩት። ዓመት፣ ሁለት፣ ዐሥር።
ወንበሯ አራዳ ፀጉር ቤት ገባ፤ ሻምበሉም ነጋዴውም ተላጭቶበታል።
ስፖኪዮዋን ጋሪ ነጂ ወሰደው፤ ፈረሱ ኋላውን ሊያይበት ይሆናል።
ሞተሯ…»
አንድ ብሎን አንስቶ አገላበጠ።
«ልጄ አትጠገብ ታመመች። ሰባ ሰባት ነው።
አንድ የደምቢያ ገበሬ የውሃ መሳቢያ ይፈልግ ነበር።»

አትጠገብ ዳነች ወይ? አልጠየቅኩም።
ግድግዳው ላይ ያለችው ልጅ ዕድሜዋ አልጨመረም።

ጎንደር የቆየ ነገር ይወዳል፣ ድንጋይ እስከሆነ ድረስ።
ብረት ሲያረጅ ግን ልዋጭ ባይ ይጠራበታል።

ዘንድሮ አንዱ ደንበኛዬ ስልኩን ዘርግቶ አሳየኝ፤
እኅቶቿ በባሕር ማዶ ጨረታ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ፣
ዋጋቸው ዜሮ የበዛበት።
ጋሽ ደምለውን ደግፌ ቆላ ድባ ወረድን፣ ሞተሯን ልገዛ።
ከመንገዱ ሳንወጣ ቆመ፣ ጆሮውን አዘነበለ፤ ዓይኑ ካየ ሰነባብቷል።
«አምስቱ ናቸው የሚሠሩት» አለ። «ስድስተኛው ካንዴላ ጠፍቷል።»

ባየልኝ፣ የገበሬው ልጅ፣ የሽንኩርት ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣
ሞተሩን አጠፋልን።
ጋሽ ደምለው ከኪሱ ካልሲ አወጣ። ከካልሲው ቁልፍ፣ ከቁልፉ ሥር ካንዴላ፣
በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ እሳት ያልነካው።
አሮጌውን በዳበሳ ፈታ፤ አዲሱን አጠበቀ፤
«አስነሳው፣ ልጄ።»

ስለ ዋጋ አፌ አልተከፈተም።
ውሃው በቦዩ ሲወርድ፣ ሞተሩ ድምፁን ሲያነሳ፣
የሽማግሌው ግራ እግር ጭቃውን ረገጠ፤
ቀኝ እጁ አየሩን ይዞ ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።
«ሁለተኛ» አለ።
እግሩን አነሳ። እንደገና ረገጠ።
«አሁን ጥምዙን ጨረስነው፤ ሦስተኛ።»